ነፍሰ ጡር አትከለከልም

በእኛ ሰፈር ነፍሰ ጡር የጠየቀችው ነገር አይከለከልም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ቀበሌ አልለጠፈውም፣ ቄስም ሼኽም አልሰበከውም፤ ግን ድሬዳዋ ውስጥ እንደሱ የሚከበር ሕግ አላየሁም። የትራፊክ ፊሽካ የማይሰማ ባጃጅ ነጂ እንኳ፣ ሆዷ የገፋ ሴት የያዘውን የዘይቱን ፍሬ አይታ ምራቋን ከዋጠች፣ ባጃጁን አቁሞ ያካፍላታል። አምሮቷ ካልተሟላ ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣል፣ ለሃጩ አይቆምም፣ ወይም ሲያለቅስ ይኖራል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ የማምንም የማላምንም ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ደፍሬ ከልክዬ አላውቅም።

ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ቤቴም ሥራዬም ከዚራ ሰፈር ነው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱም እናታችንም ካረፉ በኋላ ታናሽ እህቴን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ጎንጉኜ ትምህርት ቤት እልካት ነበር፤ እየጮኸች፣ እየተቁነጠነጠች፣ ማበጠሪያ እየሰበረች። ዛሬ የሴት ፀጉር ለምን አትሠራም ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ትዕግሥቴን በሙሉ እሷ ላይ ጨርሻለሁ።

አደገችና ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባች፤ ሱሪ ትሰፋለች። ሁርሶ ወታደር ማሠልጠኛ በሾፌርነት የሚሠራ ደግ ሰው አገባች፤ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። የሚኖሩት ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የባሏ እናት ጀልዴሳ ገጠር ፍየል የምታረባ ሴት ናት። ልጇ «አዮ» ስለሚላት ሁላችንም አዮ እንላታለን። አንቱ አልላትም፤ ድሬ ላይ አንቱ የተባለ ሰው «ምን አስቀየምኩህ?» ብሎ ነው የሚጠይቅህ።

እህቴ ለዓመታት ልጅ ስትጠብቅ ቆይታ ስታረግዝ፣ ግቢው ሁሉ አብሯት አረገዘ። አዮ ፍየሎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ የግመል ወተት በጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። እህቴ ሙሽበክ የሚባለው ጣፋጭ አማረኝ ስትል ደንበኛዬን ጢሙን ግማሽ ላጭቼ ትቼው ሮጥኩ። ሰውየው ምክንያቱን ሲሰማ አልተቆጣም፤ እንዲያውም «ትኩሱን አምጣላት!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። ያልበሰለ ማንጎ በሚጥሚጣ አማራት፤ ከሦስት ጎረቤት ቤት መጣ። አንድ ቀን ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር ማሽተት አማረኝ አለች፤ ድሬ ዝናብ ከረሳች ወራት ሆኗታል። አዮ ምንም ሳትል ወጥታ ደረቅ አፈር በሳህን ዘገነች፤ ውሃ አርከፍክፋበት አፍንጫዋ ሥር አቀረበችላት። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ስታሸት፣ እኔ በበኩሌ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ግን ያማራትን ሁሉ ብናመጣም አትበላም ነበር። ቀምሳ ታስቀምጠዋለች። ሆዷም እንደ ወሩ አልገፋ አለ። ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች፤ ፊቷን ታካለች፤ ስታናግራት መልሱ ከሩቅ ይመጣል። እርግዝና ነው አልን። እርግዝና ስንቱን ይሸፍናል! ሆዷ መጨረሻው ላይ መጥቶ ገፋ ሲል ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በላብ ተጠመቀች። ታዛጋለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ እግሮቿ አንድ ቦታ አያርፉም። ድሬ ላይ እንዲህ ላለ ነገር ስም ለማውጣት ሐኪም አይጠበቅም፤ ጎረቤቱ በአንድ ድምፅ «ደንጊ ነው፣ የትንኝ ትኩሳት» አለ። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት በፍጹም አለች። በማግሥቱ «ትንሽ በእግሬ ልንቀሳቀስ» ብላ ወጣችና ስትመለስ ድና መጣች። ተመስገን አልን። ከደንጊ በአንድ ቀን የዳነ ሰው አይተን እንደማናውቅ ማንም አላሰበም።

ጤና ጣቢያ ወለደች። ወንድ ነው። ትንሽ ነበር፤ ፀጉሩ ብቻ ነው የሙሉ ሰው የሚመስለው። ይሄን ለማስተካከል ቀጠሮ ያስፈልጋል ብዬ ቀለድኩ፤ እህቴ ግን አልሳቀችም። ልጁን አቅፋ ልክ ሊቀማት እንደመጣ ሰው ታየናለች። አዮ እልልታዋን ጨርሳ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ እንኳ «ቆይ፣ አሁን ተኝቷል» አለቻት። ልጁ አልተኛም ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ ነው ለቅሶው የጀመረው። የሕፃን ለቅሶ አይመስልም፤ ቀጭንና ስለታም ነው። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ያስነጥሰዋል፣ ደግሞ ያስነጥሰዋል። ጡቱን በጉጉት ይጎርሰዋል፤ ወዲያው መጥባት አቅቶት ይለቀውና ቡጢውን ይመጥጣል። ቬንቲሌተሩ አየሩን እያቀዘቀዘም ልጁ በላብ ይርሳል። ሲነኩት ይደነግጣል፣ በር ሲዘጋ ይደነግጣል። የሚጠባውም በተቅማጥ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ራሱ እየደከመ መጣ። ያኔ ነው ይሄ ልጅ ሊሞትብን ነው ብዬ የፈራሁት።

አዮ ግን በሽታውን አውቃዋለች። «አምሮት ነው» አለች። «የሆነ ነገር ፈልጋ ቀርቶባታል። ልጁ እሱን እየጠየቀ ነው።» መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የቀረውን ነገር አምጥቶ የሕፃኑን ከንፈር ማስነካት። እኔም እንደገና ሩጫዬን ጀመርኩ። የማንጎ ውሃ ተነካ። የሙሽበክ ስኳር ተነካ። የግመል ወተት አረፋ ተነካ። የሆስፒታሏ ሲስተር በኋላ ይህን ስትሰማ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ልጁ ግን ለቅሶውን አላቆመም፤ እህቴም ስንጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በመጨረሻ አዮ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ የእህቴን ጉልበት ያዘች።

«ያ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ምንም ይሁን። የሚያሳፍር ነገር ቢሆንም ንገሪኝ። ምንድን ነው የቀረብሽ?»

እህቴ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ከአዮ ራስ በላይ እኔን አየችኝ። ትንሽ ሆና ማበጠሪያ ስትሰብር ታየኝ በነበረው ዓይን ነው።

«የቀረብኝ ነገር የለም» አለች። «ያገኘሁት ነው የጎዳው።»

ከዚያ ተናገረች። ከማግባቷ በፊት ጀምሮ ወገቧን ያማት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎንበስ ማለት ነው ሥራው። አጠገቧ የምትሰፋ ልጅ አንድ ቀን ትራማዶል ሰጠቻት። ሕመሙ ጠፋ፤ ድካሙም ሐሳቡም አብሮ ጠፋ። ቆይቶ ያለሱ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ስታረግዝ መተው ፈለገች። ደንጊ ያልነው ቀን ደንጊ አልነበረም፤ መተው የሞከረችበት ቀን ነው።

«ሞከርኩ እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ። «የምሞት መሰለኝ። በማግሥቱ ኪኒኑን የሚሸጠው የሰፈራችን ባለሱቅ ጋ ሄድኩ። ሆዴን ሲያይ እምቢ አለኝ። ለነፍሰ ጡር አልሸጥም አለ። አማረኝ አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ አማረኝ ብቻ። ሰጠኝ። ሥራ ቦታም እንደዚያው ነው፤ ጓደኞቼን ልተወው ስላቸው ‹ልጁ ነው ያማረው፣ አትከልክዪው› እያሉ ራሳቸው ያመጡልኛል።»

ይህን ኪኒን አውቀዋለሁ። ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ነው፤ እኛ ከተማ ግን በኮንትሮባንድ ይገባና ከባንኮኒ ሥር ይሸጣል። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አንገታቸው የሚወድቅ ጎረምሶች አሉ፤ ምላጭ በእጄ ይዤ «ቀና በል!» እያልኩ የምጨቃጨቃቸው። የጎረምሳ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ደሜ ፈላ። «አበድሽ? ልጅሽን...» ብዬ ስጀምር አዮ ከመሬት ሳትነሳ እጇን አነሳችብኝ።

«ቆይ አቦ! ምንድን ነው እሱ? ጫት ነው?»

«ከጫት ይብሳል» አልኳት። «ሲቀር ሐራራው ሰው ያንቀጠቅጣል።»

ሐራራን ድሬ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ጫቱ የዘገየበትን ሰው ከሰዓት በኋላ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ መቁነጥነጡን፣ ማዛጋቱን፣ በሰው ላይ መጮሁን። አዮ ራሷ የጫት በርጫዋን አሳልፋ አታውቅም። ወደ ልጁ ዞረች። የሚንቀጠቀጡትን እጆች አየች፤ ስታየው ቆየች።

«ይሄ... ሐራራ ይዞት ነው?» አለች። ነጠላዋን ሳበች። «ተነስ! ቁጣህን በኋላ ትቆጣለህ። ባጃጅ ጥራ።»

ባጃጁ ውስጥ እህቴ መሐላችን ተቀምጣ ልጁን ለማንም አልሰጥም አለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ይወስዱብኛል» አለችኝ በጆሮዬ። «አዮ ጀልዴሳ ትወስደዋለች። ብትወስደውም እውነቷን ነው።» እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይወስድብሽም አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ የእኔ ልጅ ልጅ ቢሆን ለዚህች ሴት እተወዋለሁ? መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ባለማወቄም አለቀስኩ፤ ላብ እንደሚጠርግ ሰው ሆኜ በመሐረብ ጠረግሁት።

ውስጥ ያገኘችን ሲስተር ጎልማሳ ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ልጁን ገላልጣ አየችው፤ እጆቹን ያዝ ለቀቅ አደረገቻቸው፤ ከዚያ ወደ እህቴ ዞራ «በእርግዝናሽ ጊዜ የምትወስጂው መድኃኒት ነበር?» አለቻት። አዮም እኔም ወደ እሷ ዞርን። የልጁ ሕይወት በእሷ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እናት ስትሸሽግ ደግሞ መድኃኒት የሚያጣው ልጇ ነው። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ተናገረች፤ ምን እንደምትወስድ፣ ምን ያህል፣ መጨረሻ የወሰደችው መቼ እንደሆነ።

ሲስተሯ አልሰደበቻትም። እኔ ስድብ እየጠበቅሁ ነበር፤ ልመልስላትም ተዘጋጅቼ ነበር። «ጎበዝ፣ መናገርሽ ነው የሚያድነው» ብቻ አለቻት። ከዚያ አስረዳችን። ሆድ ውስጥ እያለ መድኃኒቱ ከእናቱ ደም ይደርሰው ነበር፤ ሰውነቱም ለመደው። እትብቱ ሲቆረጥ መድኃኒቱም በአንዴ ተቆረጠበት። አሁን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ሐኪሙ የሚያረጋጋው ጠብታ ያዝዝለታል፤ እሱም በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ይቆማል። ከጠብታው ሌላ የሚያስፈልገው ጨለም ያለ ክፍል፣ ጸጥታና የእናቱ ገላ ነው፤ ራቁቱን ደረቷ ላይ።

«እሷስ?» አለች አዮ።

«እሷም ታማለች። በአንዴ ብታቆም አደገኛ ነው፤ ሊጥላት ይችላል። እሷንም እያከምን ቀስ በቀስ ነው የምናስተዋት። ሐኪሙ እያያት ጡትም ታጠባዋለች።»

እንዲህ ሆነው እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ ተኙ፤ ሁለቱም ላብ በላብ፣ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ። እሱ ሲያለቅስ እሷ ታለቅሳለች። አንዳንዴ ልጁ ሲረጋጋ የእሷ እግር መወራጨት ይጀምራል፤ እንዳይነቃ ብላ ጥርሷን ነክሳ እግሯን በእግሯ ትጠፍራለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ካየሁ በኋላ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ በር መጠበቅ ነው። ድሬ ላይ አራስ የሚጠየቀው በመንጋ ነው፤ የሚወራውም በጩኸት ነው፤ እኛ ሰላም ስንባባል እንኳ የሌላ አገር ሰው ሊገላግለን ይመጣል። የግቢያችን ሰው ሁሉ ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ ማሩን ተሸክሞ ሲመጣ ከበር ላይ በሹክሹክታ እመልሳለሁ። «ለምን?» ይሉኛል እየጮኹ። «ልጁ ድምፅ አይወድም» እላለሁ። «የድሬ ልጅ ሆኖ?» ብለው ይስቃሉ። አዮ ብቻ ናት የቻለችው። ከፍየል ጋር ስትጣራ የኖረች ሴት፣ ክፍሉ ውስጥ በባዶ እግሯ እየሄደች በትንፋሽዋ ነበር የምታወራው።

አንድ ቀን ባለሱቁ መጣ። የሕፃን ልብስ በፌስታል ይዟል። ይህን ሰው ሳገኘው ምን እንደማደርገው አስቀድሜ ወስኜ ነበር፤ ስንቱን ምላጭ በሐሳቤ ስዬበታለሁ። ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ዳር ወስጄ ያደረገውን ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። «የወገብ ኪኒን ነው እኮ» አለኝ። «ነፍሰ ጡር ሆና አማረኝ ስትለኝ... ወላሂ፣ አምሮት መስሎኝ ነው። ልጁን እንዳልጎዳ ብዬ ነው የሰጠኋት።» ከዚያ ግንቡ ላይ ተቀመጠና ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ኩርምት አለ። እጄን አላነሳሁበትም። ከእንግዲህ ለማንም ብትሸጥ ሱቅህ በር ላይ ቆሜ እጮሃለሁ አልኩት፤ ልብሱንም ተቀበልኩት።

ባሏ ከሁርሶ ደረሰ። እህቴ ራሷ ልንገረው አለች፤ እኛ ወጣን። ሲወጣ ፊቱ አመድ ሆኗል። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀመጠ፤ አዮም እኔም አልተጠጋነውም። ፀሐይዋ ጥላውን አልፋ እሱ ላይ እስክትደርስ ድረስ አልተነሳም። ከዚያ ተመልሶ ገባ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ሸሚዙን እያወለቀ ነበር። «አንቺ ትንሽ ተኚ፤ እኔ ልያዘው» አላት። ያን ሁሉ ጎረምሳ ሠልጣኝ ጭኖ የሚነዳ ሰው፣ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን እንኳ ፈርቶ ይተነፍስ ነበር። እህቴ ግን አልተኛችም። ከእጁ እስኪመልስላት ድረስ ታየው ነበር።

ቀስ በቀስ እጆቹ አረፉ። ጡቱን ይዞ የማይለቅበት ቀን መጣ፤ የዚያን ቀን ሲስተሯ ራሷ ከጸጥታው ሕግ ወጥታ ሳቀች። ወደፊትም እየታየ ያድጋል፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ቆይቶ የሚታይ ነገር ሊኖር ስለሚችል ክትትሉን አታቋርጡ አለችን። የእህቴ ግን ገና ነው። ኪኒኗ ተቀንሷል እንጂ አላለቀም፤ በየሳምንቱ ለክትትል መምጣት አለባት። ሱቁ መንገዷ ላይ ነው፤ ሥራ ቦታዋም ያው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሆስፒታል የወጣን ጠዋት ባሏ መኪና ለምኖ አመጣ። ዕቃ እየጫንን ሳለ አዮ ለልጇ «መጀመሪያ ቤት እንሂድና ልብስ እንያዝ። ከዚያ ልጁን ጀልዴሳ እወስደዋለሁ» ስትለው ሰማሁ። እህቴም ሰማች። ልጁን ይበልጥ ወደ አንገቷ ሳበችው። ያንን ስላየሁ ዕቃውን ጥዬ መሐላቸው ገባሁ።

«አዮ፣ እወድሻለሁ፤ ግን እኔ ቆሜ ልጇን ከእቅፏ አትወስጂውም።»

አዮ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ ምን ሆነሃል? እሷን ማን ሊተዋት ነው? ሁለት ልጅ ነው የታመመብኝ፤ አንዱን ጥዬ አንዱን ይዤ ልሂድ?»

ከዚያ እኔን በክርኗ ገፍታ ወደ እህቴ ተጠጋች። ከክፍሉ በወጣች ቁጥር የምትጮኸው ሴት፣ ውጭ ቆማም በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«እሱ ሐራራው ወጣለት። ያንቺ ገና ነው፤ ጀልዴሳ እኔ ጋ ትከርሚያለሽ። ኪኒንሽን እኔ እይዘዋለሁ፤ ሲስተሯ ባለችኝ ልክ እሰጥሻለሁ። በየሳምንቱ ይዤሽ እመጣለሁ። ሌላ ሲያምርሽ ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እከለክልሻለሁ። ስድቤን ካልቻልሽው ትሰድቢኛለሽ፣ ችግር የለም።»

እህቴ ከወለደች ጀምሮ ልጁን ከባሏ በቀር ለማንም ከእጇ ሰጥታ አታውቅም፤ አዮማ ስትጠጋ ፊቷን ታዞር ነበር። አሁን ጨርቁን አስተካከለች፣ አንገቱን በመዳፏ ደገፈች፣ እጇን ዘርግታ ለአዮ ሰጠቻት። ባዶ እጇን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ቀድማ ገባች።